«ምን አለውና ይበላሻል?» ብሎ የሸጠልኝ ቾፐር፣ ከስምንት ወር በኋላ

ቅዳሜ ሹር፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የዶሮዋ አሥራ ሁለት ብልት ወጥቶ፣ በሎሚና በጨው ታሽቶ፣ ውሃው እስኪጠራ ታጥቦ ተቀምጧል። ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ተልጦ ሳፋ ውስጥ ነው። መብራት የለም፤ ደብረ ማርቆስ ላይ በበዓል ዋዜማ መብራት ጠፋ ቢባል ወሬ አይሆንም። እኔ ግን ምን ገዶኝ! ገመዱ በእጅ ሲሳብ ሽንኩርት የሚያደቅ ቾፐር አለኝ። ሦስት ዙር ፈጭቼ ድስት ውስጥ ገልብጫለሁ። አራተኛውን ሞላሁ፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ አንዴ ሳብኩ፣ ሁለቴ ሳብኩ፤ በሦስተኛው እጀታው እጄ ላይ ቀረ። ገመዱ ሹልክ ብሎ ወደ ክዳኑ ገባ። ውስጥ የሆነ ነገር ጥርርር ብሎ ዞረና ጸጥ አለ።

እማዬ በሻማው ብርሃን ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። ቢላዋውን ብቻ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

እንግዲህ ስለዚህ ዕቃ የምጽፈው ቂም ይዤ መሆኑን ከወዲሁ እወቁልኝ።

የገዛሁት ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ ለጉዳይ ሄጄ መርካቶ ስዞር ነው። 650 ብር። ሻጩ ልጅ እግር ነው፣ አፉ ማር ነው። የተላጠ አንድ ሽንኩርት ለአራት ከፍሎ ጣለበት፣ አሥር ጊዜ ሳበ፣ ከፍቶ አሳየኝ። ሽንኩርቱ ደቅቋል፣ የልጁ ዓይን ደረቅ ነው። «መብራት አይፈልግ፣ ባትሪ አይፈልግ» አለኝ። እኔም የጎጃም ሰው ነኝና እንዲሁ አልገዛም፤ «ቢበላሽስ?» አልኩት። ሳቀብኝ። «እህቴ፣ ምን አለውና ይበላሻል? ሳህን ነው፣ ስለት ነው፣ ክዳን ነው። ችግር ካለው ደግሞ ይዘሽው ነይ፤ እዚሁ ነኝ።»

ገመድ አለው፣ ወንድሜ። ገመድ አለው! ሳህኑን ቆጠርክ፣ ስለቱን ቆጠርክ፣ ክዳኑን ቆጠርክ፤ አንተ ራስህ አሥር ጊዜ የሳብከውን ገመድ ግን አልቆጠርክም። ደግሞስ «ይዘሽው ነይ» ማለት ምን ማለት ነው? ከማርቆስ መርካቶ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ለ650 ብር ዕቃ ደጀን ላይ ወርጄ፣ ዓባይ በረሃን ተሻግሬ፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ወጥቼ «ገመድህ ተበጠሰ» ልበልህ? መንገዱስ እንደምታውቁት ነው። ትራንስፖርቱ ብቻ ሌላ ቾፐር ይገዛል።

የተናደድኩት ስለተበጠሰ ብቻ አይደለም፤ ቁጭ ብዬ ስላሰላሁት ነው። በዓቢይ ጾም 55 ቀን፣ በቀን ሁለት ዙር፣ በዙር 15 ስበት ብንል 1,650 ስበት ይመጣል። ከጥቅምት እስከ ጾሙ መግቢያ ያለውን ብጨምርበት ከ3 ሺህ አይዘልም። የገመዱ ዕድሜ እንግዲህ ይሄው ነው። አሁን ወደ ዶሮ ወጡ ኑ። ከገበያ የምናመጣው ሽንኩርት በኪሎ 12 ገደማ ይሆናል፤ ሦስት ኪሎ 36 ነው። 500 ሚሊ ሊትር የሚል የተጻፈበት ሳህን ከሦስት ሽንኩርት በላይ ከጨመሩበት ስለቱ ይያዛል። ስለዚህ 12 ዙር። ለወጥ እንዲደቅ በዙር 17፣ 18 ጊዜ መሳብ አለበት። ለአንድ ዶሮ 200 ስበት! የሠርግ ቤት ቢሆን ገመዱ ሙሽራው ሳይመጣ ነው የሚያልቀው።

«በአሥር ሰከንድ» የሚሉት ነገርም አለ። እውነት ነው፣ መሳቡ አሥር ሰከንድ ነው። መላጡስ? የሐበሻ ሽንኩርት የሆነ ቀን እያንዳንዷን በጥፍር ፈልፍሎ መላጥ ነው ሥራው፤ መክተፉ እኮ ዕረፍት ነበር። ከዚያ ለአራት መክፈሉ፣ ከሳህኑ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን በማንኪያ መጥረጉ፣ ከስለቱ ሥር የተወተፈውን በጣት ማውጣቱ አለ (ጣቴን ሁለት ጊዜ ቆርጦኛል፤ ስለቱ ላይ አቃቂር የለኝም)። ክዳኑ ደግሞ ውሃ ውስጥ አይነከርም፣ ውስጡ ያለው ገመዱን የሚመልሰው ሞላ ይዝጋል። ይህንን ሻጩ አልነገረኝም፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ቻይንኛ ነው።

ለምን እንደተበጠሰ ያወቅኩት ከተበጠሰ በኋላ ነው፤ የገዛችሁ ካላችሁ ይጠቅማችኋል። ገመዱ ከክዳኑ ጎን ባለች ቀዳዳ ነው የሚወጣው። እኔ ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ቆሜ፣ ወደ ላይ ነበር የምስበው። ቆሞ የሚሠራ ሰው ወደ ላይ እንጂ ወዴት ይስባል? በእያንዳንዱ ስበት ገመዱ የቀዳዳዋን የፕላስቲክ ከንፈር ይፈገፍጋል። በዚያ ላይ የሽንኩርት ውሃ እየጠጣ ይደርቃል፣ ይደርቅና ይጠነክራል፣ ይሸረፋል። ሳህኑ ከመጠን በላይ ሲሞላ ስለቱ ይቆማል፤ እኛ ግን አንቆምም፣ ጎትተን እንገነጥላለን። ትክክለኛው አሳሳብ ከክዳኑ እኩል፣ አግድም፣ አጭር አጭር ነው አሉ። አሁን ነው የሚሉት!

ወደዚያች ሌሊት ልመለስ። የቀረውን ሽንኩርት እኔና እማዬ በቢላዋ ከተፍነው፤ በሻማ፣ ጥዋት ቄስ ያደሉንን ቄጠማ ግንባራችን ላይ እንዳሰርን፣ በዕንባ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጾም የሚፈታ ቤተሰብ አለ፣ ወጡ መድረስ አለበት። የማልረሳው ግን ዕንባውን አይደለም። በቾፐር የፈጨሁትን ሦስት ዙር ለብቻው በሌላ ድስት ጥደነው ነበርና እማዬ ሁለቱን ድስት አስተያየችኝ። በቢላዋ የተከተፈው ከሰሉ ላይ ቀስ ብሎ ይንጫጫል፣ ይላላል፣ ይቀላል። የእኔው ግን ውሃ ላይ ይዋኛል። ከታች ያለው ልሞ ገንፎ ሆኗል፣ ከላይ የነበረው ጣት የሚያህል እንዳለ ነው። ዶሮ ወጥ የሚቁላላው ያለ ዘይት በራሱ ውሃ ነው፤ ግን ያ ውሃ ቀስ እያለ መውጣት አለበት። ስለቱ ሽንኩርቱን ከመቁረጥ ይልቅ እየደበደበ ስለሚያደቀው ውሃውን አንዴ ያፈሰዋል፤ እስኪመጥ ድረስ ከሰሉ ያልቃል።

«ሽንኩርት ሰው ያስለቅሳል እንጂ ራሱ ሲያለቅስ ዛሬ አየሁ» አለች እማዬ። እስከ ዛሬ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ትናገራታለች።

የዕንባውን ነገር ካነሳን፣ እሱም ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ሽንኩርት ሲቆረጥ የሚወጣው የሚያቃጥል ጋዝ ክዳኑ ሥር ታፍኖ ይቆያል እንጂ የትም አይሄድም። ስንከፍተው ፊታችን ላይ ባንዴ ነው የሚለቀቀው። ሻጩ ዓይኑ ደረቅ የሆነው ሲከፍተው ሳህኑን ወደ እኔ አዙሮ ስለነበር ነው! ይህንን ማርቆስ ከደረስኩ በኋላ ነው ያሰብኩት። ዘዴው አፉን ወደ መስኮት አዙሮ መክፈት ነው።

ለፍርዱ ያህል፣ በጾሙ ወራት ለቃሪያና ለነጭ ሽንኩርት ጥሩ ነበር። የምስር ወጥና የሽሮ ቁሌት ውሃ ቢበዛበትም አይጣላም። ቲማቲም ጭማቂ ያደርገዋል፣ ጎመን ስለቱ ላይ ይጠመጠማል። ሥጋ አልሞከርኩም፤ አልሞክርም።

ከፋሲካ በኋላ ጥገና ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ ራሴ ነኝ ያበላሸሁት። ከክዳኑ ሥር ያሉትን ሦስት ትንንሽ ብሎኖች በወንድሜ ካቻቪቴ ፈታሁ። መዘውሩን ብድግ ሳደርገው ሞላው ተፈናጥሮ ወጣ፤ ጠፍጣፋ ቀጭን ብረት፣ ተጠቅልሎ መዳፍ የማይሞላ፣ ሲዘረጋ ግን ከወለሉ ጫፍ እስከ ጫፍ ደረሰ። ድመቷ አልጋ ሥር ገባች። መልሼ ለመጠቅለል ግማሽ ቀን ታገልኩ፤ ከዚህኛው ጫፍ ስይዘው በዚያኛው ያመልጣል።

ሞባይል ጠጋኙ አየውና «ይሄ የእኛ ሥራ አይደለም» አለኝ። ጫማ ሰፊው ገመዱን እንጂ ሞላውን አላውቅም አለ። በመጨረሻ ሰዓት የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ደረስኩ። በላስቲክ የያዝኩትን ገልብጠው አዩት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ የሰዓት ሞላ ነው፤ ማነው ለሽንኩርት የሰጠው?» ብለው በሁለት ጣታቸው ይጠቀልሉት ጀመር። አሠራሩንም ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው፦ ገመዱ ሲሳብ መዘውሩ ይዞራል፣ ሞላው ይጠብቃል፤ ሲለቀቅ ሞላው ገመዱን መልሶ ይጠቀልላል። ሞላው ገና ከመጀመሪያው ትንሽ ተጠብቆ መታሰር አለበት፤ ካልሆነ መመለሻ ጉልበት አይኖረውም። «ሞላው ጤነኛ ነው፣ ከገመዱ በፊት አይሞትም ነበር» አሉ። 50 ብር ተቀበሉኝ። ስምንት ወር ሙሉ በዚህ ቾፐር ዙሪያ ካወጣሁት ገንዘብ የማይቆጨኝ እሷ ብቻ ናት።

ገመዱ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የመጀመሪያውን ዓይነት ቀጭን ገመድ ማርቆስ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። የልብስ ስፌት ክር ይቀጥናል። ወንድሜ ከማዳበሪያ ከረጢት ክር ፈትሎ ሰጠኝ፤ ለጥጃ ማሰሪያ የሚሆን ነው፣ ቀዳዳዋን አላልፍ አለ። ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ አደርገዋለሁ ብሎ ወሰደው። የጫማ ሰፊው ሰም የተቀባ ናይለን አለፈልኝ። ጠንካራ ነው፣ ይህኛው የሚበጠስ አይመስለኝም። ችግሩ ከድሮው ትንሽ ይወፍራል፤ ስለዚህ መዘውሩ ላይ ሲጠቀለል ቦታው ቶሎ ይሞላል። ሲለቀቅ ይመለሳል፣ ይመለሳል፣ አራት ጣት ሲቀረው ይቆማል። የቀረው ውጭ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በጣቴ ልክተተው ብል አይገባም፤ ትቼው ብስብ ደግሞ ስበቱ ያጥራል። ድሮ በ15 ይደቅ የነበረው አሁን 25 ይፈልጋል።

አሁን የሰኔ ጾም ላይ ነን፣ ዝናቡም ጀምሯል፣ መብራቱም ይሄዳል ይመጣል። ይህን የጀመርኩት ጠዋት ተናድጄ ነበርና «ገንዘባችሁን ወንዝ ጣሉት» ብዬ ልጨርሰው አስቤ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ለሽሮ ሦስት ራስ ነጭ ሽንኩርትና አንድ እፍኝ ቃሪያ ጨምሬበት ሳብኩ። እጄ አላቃጠለኝም፣ ጥፍሬ አልሸተተም፤ ትንሽ ለዘብኩ። እማዬ ከጎኔ መክተፊያዋ ላይ ጠብ ጠብ እያደረገች ጨርሳ እጇን ስትታጠብ እኔ ገና ያቺን አራት ጣት ገመድ ለማስገባት እየታገልኩ ነበር። እንደገና ተናደድኩ።

ትናንት ማታ የአክስቴ ልጅ ደወለ፤ ሰኞ አዲስ አበባ ይሄዳል። «ምን ላምጣልሽ?» ሲለኝ ክዳኑን ብቻ ብዬ ጀመርኩ፤ ሳህኑም ስለቱም አለኝ፣ ምን ያደርግልኛል። ዛሬ ጠይቆ ነገረኝ፤ ክዳን ለብቻው አይሸጥም፣ ሙሉውን ነው የሚሸጡት፣ ዋጋውም ጨምሯል። ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ።

«ገመዱን ሳብ አድርገህ እየው» አልኩት በመጨረሻ። «ወፈር ያለ ከሆነ አምጣልኝ። ለእማዬ ግን ዋጋውን እንዳትነግራት።»