አሳማ ለማይበላና ለጾመኛ፦ የታይዋን ምግብ በሮክቪል

የታይዋንን ምግብ ለመሞከር የሚያስብ አበሻ፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ ከጣዕሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ አሳማ ሥጋ ነው፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። በታይዋናውያን ማዕድ ላይ ከሥጋ ሁሉ ቀዳሚው አሳማ ነው። ሉ ሮ ፋን በሚባለውና በየሰፈሩ በሚበላው ሩዝ ላይ የሚፈስሰው፣ በሶያ ሶስ ቀስ ብሎ የበሰለ ደቃቅ የአሳማ ሥጋ ነው፤ ጓ ባው በሚባለው፣ በእንፋሎት በበሰለ ነጭ ዳቦ ውስጥ የሚገባውም የአሳማ ሥጋ ነው፤ ተቀቅሎ የሚቀርብ ቅጠላ ቅጠል እንኳ ብዙ ጊዜ ከዚሁ ወጥ አንድ ማንኪያ ይደረግበታል። ይህን እያወቅሁ በሜሪላንድ፣ ሮክቪል ከተማ ወደሚገኝ አንድ አነስተኛ የታይዋን ምግብ ቤት ሄጄ በላሁ፤ በጾም ወቅትም ጾመኛ የሆነችውን የአክስቴን ልጅ ይዤ ተመለስኩ። ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ አሳማ የማይበላ ሰው፣ ጾመኛም ቢሆን፣ በዚህ ቤት ጠግቦና ተደስቶ ሊወጣ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ምን እንደሚያዝና ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል።

ቦታው ለሲልቨር ስፕሪንግና ለአካባቢው ነዋሪ ሩቅ አይደለም፤ በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በሮክቪል ፓይክ ግራና ቀኝ ባሉት የገበያ ማዕከሎች ውስጥ በርካታ የእስያ ምግብ ቤቶች ይገኛሉ፤ ይህም ቤት ከእነዚያ አንዱ ነው። ጌጥ የለበትም። ጠረጴዛዎቹ ተጠጋግተው የተደረደሩ ናቸው፤ በየአንዳንዳቸው ላይ የበርበሬ ዘይት፣ ጥቁር ኮምጣጤና ሶያ ሶስ ተቀምጧል። ምግቡ ፈጥኖ ይመጣል፤ የታዘዘውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከማድ ቤት እንደወጣ ተራ በተራ ይቀርባል። በበኩሌ ይህን ወድጄዋለሁ፤ ሁሉም ነገር ትኩስ ሆኖ ይበላልና።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ያለ ማመንታት የምመክረው የበሬ ሥጋ ኑድሉን ነው። ጥልቅ በሆነ ሳህን የሚቀርበው መረቅ ቀይ ወደ ጥቁር ያደላ ነው፤ ላዩ ላይ የበርበሬው ዘይት በትንንሽ ክብ ነጠብጣብ ይንሳፈፋል፤ እንፋሎቱ አፍንጫን ሲነካ ቀድመው የሚታወቁት ዝንጅብል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ናቸው፤ ከእነርሱ ጋር ደግሞ በእኛ ማድ ቤት የማይገኝ፣ ኮከብ የሚመስል፣ የእንስላል ዓይነት ጣፋጭ ሽታ ያለው ቅመም አለ። ሥጋው የቅልጥም አካባቢ ሥጋ ነው፤ በረዥም ሰዓት መፍላት ጅማቱ መስታወት መስሎ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ይለሰልሳል፤ በማንኪያ ጫፍ ሲጫኑት ይከፈላል እንጂ አይጎተትም። ቅቅል የለመደ ሰው የአጥንቱን ጥልቀት ወዲያው ያውቀዋል፤ አዲስ የሚሆንበት የሶያ ሶሱ ጨዋማ ጣፋጭነትና ከባቄላና ከበርበሬ አብላልተው የሚሠሩት ድልህ የሚሰጠው ክብደት ነው። ከላይ ደቅቆ የሚነሰነሰው በጨው የኮመጠጠ የሰናፍጭ ቅጠል መረቁ ከባድ ሆኖ እንዳያሰለች ያደርገዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ለብቻው በልተው አይጨርሱት፣ እየቆነጠሩ ከኑድሉ ጋር ይብሉት።

ይህ ምግብ ዛሬ የታይዋን መታወቂያ ቢሆንም በደሴቲቱ ላይ ረዥም ዕድሜ የለውም። ቀድሞ በታይዋን ገበሬ ዘንድ በሬና ጎሽ ማሳ የሚያርሱ የቤተሰብ ረዳቶች ስለነበሩ፣ ሥጋቸውን መብላት ውለታን እንደ መካድ ይቆጠር ነበር፤ ዛሬም የበሬ ሥጋ የማይቀምሱ አረጋውያን አሉ። በ1949 እ.ኤ.አ. የቻይና የእርስ በርስ ጦርነት ሲያበቃ የተሸነፈው የብሔርተኞች መንግሥት ወደ ደሴቲቱ ሲሸሽ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው የየአገራቸውን አበሳሰል ይዘው ገቡ። በሰፊው እንደሚተረከው፣ በደቡብ ታይዋን በካውሹንግ አቅራቢያ በምትገኘው በጋንግሻን የሰፈሩ የሲችዋን ሰዎች የአገራቸውን የባቄላና የበርበሬ ድልህ እዚያው መሥራት ጀመሩ፤ እርሱም ከበሬ ሥጋ መረቅ ጋር ተገናኘ። እስከ 1965 እ.ኤ.አ. በዘለቀው የአሜሪካ ዕርዳታ የገባው ስንዴ ደግሞ ሩዝ ይበላ በነበረው ሕዝብ ዘንድ ኑድልን አስፋፋ። ታይፔ ከተማ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የበሬ ሥጋ ኑድል ፌስቲቫል እስከማዘጋጀት ደርሳለች። ይህን የምተርከው ለሳህኑ ዋጋ ለመስጠት ነው፤ በስደተኞች ናፍቆት የተጀመረ ምግብ በሌላ ስደት እኛ ዘንድ ሲደርስ፣ በፍጥነት ቀምሶ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

በዚህ ቤት ሳህን ላይ የማነሳው ቅሬታ አንድ ነው፤ ኑድሉ በዝቶ በስሏል። መረቁ እንዲህ ተጠንቅቆ ተሠርቶ ሳለ፣ ጥርስ ላይ መጠንከር የነበረበት ኑድል ሳህኑ ግማሽ ሳይደርስ መላሸቁ ያሳዝናል። ቀጭንና ወፍራም የሚል ምርጫ ስላለ ወፍራሙን ማዘዝ፣ በዚያም ላይ “ጠንከር ብሎ ይውጣልኝ” ብሎ መናገር ይበጃል። ለሙስሊም ወገኖቼ ደግሞ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ፦ መረቁ ውስጥ የሩዝ ወይን እንደሚገባ አስተናጋጇ ነግራኛለች፤ ሥጋውም ሐላል አይደለም።

ከዶሮ ወገን በትንንሹ ተቆርጦ በስኳር ድንች ዱቄት ተለውሶ የተጠበሰውን አዝዤ ነበር። ቅርፊቱ ይሰባበራል፣ ውስጡ አልደረቀም፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬውም አልተሰሰተበትም፤ ነገር ግን ጨው በዝቶበታል። የሚጠበስበት ዘይት የአሳማ ሥጋም የሚጠበስበት መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በእኔ ጥያቄ ጊዜ አስተናጋጇ ወደ ማድ ቤት ገብታ አጣርታ የተለየ መሆኑን ነገረችኝ። በግምት “አዎ” ወይም “አይደለም” ብላ ብትመልስልኝ ማንም አይጠይቃትም ነበርና፣ ይህ ትጋቷ ከምግቡ ባልተናነሰ አስደስቶኛል።

በጾም ወቅት የተመለስንበት ምክንያት ታይዋን ውስጥ ከቡድሂስቶች ሃይማኖታዊ ሥርዓት የመነጨ፣ እጅግ የዳበረ ከሥጋ ነጻ የሆነ አበሳሰል ስላለ ነው። እዚያ በታሸገ ምግብ ላይ የሚጻፈው ምልክት ራሱ 5 ዓይነት ነው፤ ፍጹም የአትክልት፣ እንቁላል ያለበት፣ ወተት ያለበት፣ ሁለቱም ያሉበት፣ እንዲሁም የአትክልት ሆኖ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትን የመሳሰሉ ሽታቸው የበረታ ተክሎች ያሉበት ተብሎ ይለያል። ጥብቅ የሆኑት ቡድሂስቶች ሽንኩርትን ከነዘመዶቹ አይበሉም። እንቁላልንና ወተትን ከሥጋ ለይቶ የሚጠይቅ ደንበኛ ለእንዲህ ዓይነቱ ማድ ቤት እንግዳ አይደለም፤ የአክስቴ ልጅ ጾሟን ስታስረዳ አስተናጋጇ ሁለተኛ ማብራሪያ አልጠየቀችም።

ከቀረበልን ሁሉ የላቀው በሸክላ ድስት እየተንጫጫ የመጣው እንጉዳይ ነው። ታይዋናውያን በሶያ ሶስ፣ በሰሊጥ ዘይትና በሩዝ ወይን የሚሠሩት የታወቀ የዶሮ ምግብ አላቸው፤ ይህ በዶሮው ፋንታ ወፍራም ግንድ ያለው እንጉዳይ የገባበት ነው። ፈሳሹ ተመጥጦ አልቆ እንጉዳዩን የሚያብለጨልጭ ልባስ ብቻ ይቀራል፤ በስሱ የተቆረጠው ዝንጅብል ዳር ዳሩ በዘይቱ ጠቁሮ ተጠቅልሏል፤ በመጨረሻ የተጨመረው ቅጠል ክዳኑ ሲነሳ ሽታው ጠረጴዛውን ሞላው። የአክስቴ ልጅ አንዱን ቅጠል በጣቷ አንስታ አሸተተችና “አንተ፣ ይሄ እኮ በሶብላ ነው!” አለችኝ። በእርግጥም የበሶብላ ወገን ነው፤ ልዩነቱ እኛ አድርቀን ለበርበሬና ለሽሮ የምናውለውን እነርሱ እርጥቡን እንደ ጎመን አብዝተው መጠቀማቸው ነው። ከነጭ ሩዝ ጋር በላነው፤ ድስቱ ሥር የቀረውን ሳይቀር በሩዙ ጠረግነው። ለጾም የሚሆን ምግብ ፍለጋ በየምግብ ቤቱ ሰላጣና የድንች ጥብስ ለሰለቸው ሰው ይህ አንድ ምግብ ብቻውን መንገዱን ያስኬዳል።

የስኳር ድንች ቅጠሉ በነጭ ሽንኩርት ተጠብሶ ሲመጣ አረንጓዴነቱን እንደያዘ ነበር፤ ለስለስ ያለና ጥሩ ነው። ይህን ስታዝዙ ግን በአሳማ ስብ ሳይሆን በዘይት እንዲሠራ አስረግጣችሁ ንገሩ፤ በሜኑው ላይ የአትክልት ተብሎ ቢጻፍም ስቡ የሚገባበት ጊዜ አለ። ጎምዛዛ ሽታ ያለውን የተብላላ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) እኔ በሌላ ጊዜ ቀምሼ ወድጄዋለሁ፤ ውጪው ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው፣ ሽታው ከጣዕሙ ይልቅ እጅግ ይበረታል። ለጾመኛ ግን አልመክረውም፤ ቶፉው የሚዘፈዘፍበት ፈሳሽ እንደየሠሪው ወተት ወይም የደረቀ ሽሪምፕ ሊገባበት ይችላልና።

ባብል ቲው፣ ማለትም ጥቁር እንክብሎች የሚገቡበት የወተት ሻይ፣ እንደ ማንኛውም ቤት ነው። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠጣውን ይህን መጠጥ እኛ ፈጠርነው የሚሉት አንዱ በታይቹንግ፣ ሌላው በታይናን ያሉ ሁለት የሻይ ቤቶች ናቸው፤ ከካሳቫ ስታርች የሚሠሩት ጥቁር እንክብሎች በተቀቀሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካልተበሉ መሐላቸው ይጠነክራል፤ እኛ አመሻሽ ላይ የደረሰን እንዲያ ነበር። ስኳሩን በግማሽ ማስቀነስ፣ ጾመኛም ያለ ወተት ማዘዝ ይችላል።

ዋጋው ለአካባቢው መካከለኛ ነው፤ ኑድሉ ከ20 ዶላር በታች ሲሆን አንዱ ሳህን ብዙ ለማይበላ ሰው ለሁለት ይበቃል። ቅዳሜና እሁድ በምሳ ሰዓት አያት ከልጅ ልጅ ጋር የሚመጡ ቤተሰቦች ጠረጴዛዎቹን ስለሚይዙ፣ ከእኩለ ቀን በፊት መድረስ ወይም በሥራ ቀን መሄድ ይሻላል። ባለቤቶቹን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ የአሳማ ስብ ያለበትን ምግብ በሜኑው ላይ በግልጽ ይጻፉልን። አስተናጋጇ በየጊዜው ወደ ማድ ቤት መመላለሷ ይቀራል፤ እኛም ቤተሰባችንን፣ ካህናቱንና አረጋውያኑን ጨምሮ፣ ሳንሰጋ ይዘን እንመጣለን።