ከአስፋልት ለሚወርድ ጥቁር ጎርፍ፦ የአርማታ ቦይ፣ የጠጠር ቦይ ወይስ የሳር ቦይ?

ኮምቦልቻ ዋናው መንገድ ዳር ጋራዥ፣ ጎሚስታ ወይም ሱቅ ያላቸው ጓደኞቼ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። ከአስፋልቱ የሚወርደውን ጥቁር ውሃ በምን እንያዘው? ግቢያቸውን ያጥለቀልቅና ቀጥታ ቦርከና ወንዝ ይገባል። መልሴ አንድ ነው፦ ሜዳ ላይ ከሆናችሁ የሳር ቦይ።

ዋጋውን በብር አልጽፍም፤ የሲሚንቶ ዋጋ አይጨበጥም። በኩንታልና በሜትር ኩብ ላስላው፣ እናንተ በዕለቱ ዋጋ አባዙት። 20 ሜትር ርዝመት እንያዝ።

የአርማታ ቦይ ውስጡ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ ግድግዳውና ወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 4.5 ሜትር ኩብ አርማታ ይበላል። ይህ ወደ 16 ኩንታል ሲሚንቶ ነው። ብረቱ፣ ጣውላው፣ የግንበኛው ዋጋ ገና አልተቆጠረም። ያን ሁሉ ከፍላችሁ ውሃውን ከደጃችሁ ቶሎ ታባርሩታላችሁ እንጂ አታጣሩትም። የጎማ ብናኝና ዚንኩ፣ ከፍሬን ሸራ የሚረግፈው መዳብ፣ የሞተር ዘይቱ፣ ሁሉም ወንዝ ይወርዳል። ዋልካ አፈር ላይ ከሆነ ደግሞ አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ቦዩም አብሮት ይሰነጠቃል። ስንጥቁን በየዓመቱ መለሰን አድካሚ ነው።

ይረክሳል ብለው የተዘጋጀ የሲሚንቶ ቱቦ የሚገዙም አሉ። ብረት የሌለበት ቱቦ ጭነት የያዘ አይሱዙ ሲወጣበት ያልቅለታል። ሻጩን የተሰበረ ቱቦ አሳየኝ በሉት። ስብራቱ ላይ ብረት ካላያችሁ ተዉት።

የዘይት መለያ ታንክ ላይ ግን በጣም ተጠንቀቁ። ጎረቤቴ ለላቫጆው በውድ የገዛው ታንክ ሲከፈት ሁለት ቦታ የተበሳ ተራ የውሃ ታንከር ሆኖ ተገኘ። ትክክለኛው ውስጡ በግድግዳ የተከፋፈለ ነው። ዘይቱ ላይ ተንሳፍፎ እንዲቀር የመውጫ ቱቦው አፍ ወደ ታች ይታጠፋል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ክዳኑን አስከፍታችሁ በባትሪ እዩ። የተጠራቀመውን ዘይት ማን እንደሚያወጣላችሁም ያኔውኑ ጠይቁ። ላቫጆ ላይ ደግሞ ትክክለኛውም ብዙ አይረዳም። ሳሙና ዘይቱን ከውሃው ጋር ስለሚያዋህደው አይንሳፈፍም።

የጠጠር ቦይ እንግሊዝ አገር አውራ ጎዳናዎች ዳር የተለመደ ነው፣ ጥሩም ያጣራል። ግማሽ ሜትር ሰፍቶ አንድ ሜትር ቢጠልቅ 10 ሜትር ኩብ የታጠበ ጠጠር ይፈልጋል። ከዚያ የተበሳ ቱቦና ጂኦቴክስታይል (አፈር አግዶ ውሃ የሚያሳልፍ ጨርቅ) አለ። ችግሩ ደለል ነው። ከተራቆተ ተራራ የሚወርድ አፈር ይደፍነዋል፣ ሲደፈን ጠጠሩን አውጥቶ አጥቦ መመለስ ነው። ያ ሁለተኛ ግዢ ነው። ሌላው ማጭበርበር፦ በጂኦቴክስታይል ፋንታ የማዳበሪያ ጆንያ ቀዶ የሚያነጥፍ ኮንትራክተር አለ። ለዚህ ሥራ የሚሆነው እንደ ብርድ ልብስ ወፈር ያለ፣ ክሩ ያልተሸመነ ነው። ቁራጩ ላይ ውሃ አፍስሱበት፤ ወዲያው ማሳለፍ አለበት።

አሁን ወደ ሳር ቦዩ። ሰፊ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ጎኑ ዘንበል ያለ ቦይ ይቆፈራል። መሬቱ በ100 ሜትር 5 ሜትር የሚወርድ ከሆነ በየ6 ሜትሩ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ እርከን ይገባል። ለ20 ሜትር ሦስት እርከን ይበቃል፤ አንድ ሜትር ኩብ ድንጋይ ከበቂ በላይ ነው። ሲሚንቶ የሚገባው መግቢያው ላይ ያለው የደለል ጉድጓድ ብቻ ነው። አንድ በአንድ ሜትር ሆኖ በድንጋይ ቢገነባ ሦስት ኩንታል ገደማ ይበቃዋል። ሦስትን ከ16 ጋር አወዳድሩት። መውጫው ላይ ወደ ታች የታጠፈ ክርን ቱቦ ብታስገቡ ዘይቱን እዚያው ያስቀረዋል።

የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። አብዛኛው ብረት ነክ ቆሻሻ የሚጓዘው ደቃቅ ብናኝ ላይ ተጣብቆ ነው። ውሃው ሳር ውስጥ ሲዘገይ ብናኙ ይቀመጣል። ሳሩና አፈሩ ላይ የቀረውን ዘይት ደግሞ የአፈር ባክቴሪያዎች ቀስ በቀስ ይበሉታል። ወለሉ ላይ ሰርዶ ትከሉ፣ በነፃ ይገኛል። እርከኑ ዳር ሥሩ ጠልቆ የሚይዝ ቬቲቨር ሳር ይሁን። ሳሩን ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች አትጨዱት። ጥገናው አካፋ ብቻ ነው፤ ጉድጓዱን ከሰኔ በፊት መጥረግ፣ የተነቀለ ድንጋይ መመለስ። የተቃጠለ ዘይት ግን በበርሜል ይሰብሰብ፣ የላቫጆ ውሃም እዚህ አይግባ። ቦዩ የተሠራው ለዝናብ ጎርፍ ነው።

ደሴ ላሉት መልሴ ይለያል። ጦሳ ተራራ ሥር ባለ ቁልቁለት ላይ ውሃ ወደ አፈር ማስረግ የመሬት መንሸራተትን ያባብሳል። እዚያ የደለል ጉድጓዱን አስቀድማችሁ ከእሱ ቀጥሎ በሲሚንቶ የተያያዘ የድንጋይ ደረጃ ሥሩ። ይወደዳል፣ ግን ገንዘቡን አትሰስቱ።

ቁፋሮው የመንገዱ ክልል ውስጥ ከገባ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ። ቁፋሮውን በግንቦት ጨርሱ፣ ሳሩን በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ትከሉ። ከቦዩ የታጨደውን ሳር ደግሞ ለላም አትስጡ።