«ባትሪው አዲስ ነው» ተብሎ የሚሸጥ አሮጌ መኪና፦ ለገዢዎች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

ያገለገለ መኪና በመፈለግ ላይ ለምትገኙ ሁሉ፣ በአሮጌ ኮሮላዎችና ቪትዞች ሽያጭ ላይ የሚሠራበትን አንድ የማታለያ ዘዴ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት እንድታውቁት በማሰብ ይህን ጽፌያለሁ። ዘዴው ባትሪ በማይሞላ ወይም የሽቦ ችግር ባለበት መኪና ላይ አዲስ ባትሪ አስሮ፣ «ኤሌክትሪኩ በሙሉ ታድሷል» በሚል ቃል መኪናውን በጤነኛ መኪና ዋጋ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መሸጥ ነው። ጤነኛ ባትሪ፣ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ጭራሽ ባይሠራ እንኳ መኪናውን ለተወሰነ ጊዜ ሊያስኬደው ይችላል። 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ የሞላ ባትሪ፣ መብራት በርቶ ወደ 20 አምፔር የሚስብን መኪና በስሌት ሁለት ሰዓት ያህል፣ በተግባር ደግሞ ከዚያ ላነሰ ጊዜ ያንቀሳቅሳል። ለሙከራ ተብሎ ሰፈር ውስጥ አንድ ዙር ለመዞር ይህ ከበቂ በላይ ስለሆነ፣ ገዢው በሚነዳበት ሰዓት ምንም እንከን አይታየውም።

አንድ የቅርብ ዘመዴ በደላላ አማካይነት የገዛው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1990ዎቹ ሞዴል የሆነ ኮሮላ የተሸጠለት በዚሁ መንገድ ነው። መኪናው ለእይታ የቀረበው ጠዋት፣ ሞተሩ በደንብ ታጥቦ፣ የባትሪው የዋስትና ካርድ እንኳ ሳይነሳ ነበር። ከግዢው በኋላ ግን ምሽት ላይ ዝናብ ዘንቦ የፊት መብራቱ፣ የዝናብ መጥረጊያውና የአየር ማራገቢያው አንድ ላይ ሲሠሩ፣ መብራቱ ቀስ በቀስ ወደ ቢጫነት እየተለወጠ ሄዶ መኪናው አስፋልት መሃል ጠፋ። የተወሰደበት ጋራዥ መጀመሪያ ባትሪው ከፋብሪካ የመጣ ችግር እንዳለበት ተናግሮ ሌላ ባትሪ አስገዛው፤ ያም ሲሞት ደግሞ ጥፋቱን በዲናሞው ላይ አሳቦ ከሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ካለው የመኪና መለዋወጫ ገበያ) የመጣ፣ ያገለገለ ዲናሞ ቀየረለት። መኪናው አሁንም ማታ ማታ መጥፋቱን አልተወም። በዚህ ሁሉ መሃል ቴስተር (የቮልትና የአምፔር መለኪያ) አውጥቶ የለካ ሰው አልነበረም፤ እኔን ከሻጩ ማታለል ባልተናነሰ ያናደደኝም ይኸው ነው።

በመጨረሻ ሲለካ የተገኘው ነገር እጅግ ቀላል ነበር። ሞተሩ ተነስቶ መብራት ሁሉ እንደጠፋ፣ ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት ይነበባል፤ ይህን ብቻ ያየ ሰው መኪናው በሚገባ ቻርጅ እንደሚያደርግ አምኖ ይሄዳል። የፊት መብራትና ማራገቢያው ሲበሩ ግን ባትሪው ላይ ያለው ንባብ ወደ 12.6 ወረደ፤ በዚያው ቅጽበት ዲናሞው ጀርባ ላይ ካለው መውጫ ሲለካ ደግሞ 14.2 ይላል። 1.6 ቮልት መንገድ ላይ ይጠፋል ማለት ነው። ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ሲከተሉት፣ ከባትሪው ማስቀመጫ ሥር ተቆርጦ በእጅ ተጠማዞ የተቀጠለና በፕላስተር የተጠቀለለ ቦታ ተገኘ። ፕላስተሩ ቀልጦ ከመዳቡ ጋር ተጣብቋል፤ መዳቡም አረንጓዴ ሆኗል። በዚያች መጋጠሚያ ላይ 20 አምፔር ሲያልፍ ከ30 ዋት በላይ የሆነ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ለባትሪው መድረስ የነበረበት ጉልበት ፕላስተር ሲያቀልጥ ከርሟል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ቀደም ሲል የተገጠመ ዲናሞ መሰኪያው ስላልገጠመ ይመስላል፣ የባትሪውን ቮልት አንብቦ የዲናሞውን ቮልት ለሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ማሳወቅ የነበረበት ቀጭን ሽቦ ከዲናሞው ከራሱ መውጫ ጋር ዳይሬክት ታስሯል። በዚህ ምክንያት ሬጉሌተሩ የሚያነበው ባትሪውን ሳይሆን ራሱን ስለሆነ፣ ባትሪው እየራበው እንኳ ሁሉም ነገር ደህና እንደሆነ ይቆጥራል። ዲናሞው አሥር ጊዜ ቢቀየር ይህ ችግር እዚያው እንደሚቆይ ግልጽ ነው።

ስለዚህ አሮጌ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ፣ ርካሽ የሆነ ቴስተርም ቢሆን ይዛችሁ፣ ወይም መለኪያ ያለውንና ሻጩ ያልመረጠውን ኤሌክትሪሺያን አስከትላችሁ ሂዱ። መኪናው ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ከቆየ በኋላ የሞላ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) በሚያዞርበት ጊዜ ንባቡ ከ9.6 በታች ከወረደ፣ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ሞተሪኖው ከሚገባው በላይ ይስባል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው መካከል መሆን አለበት፤ ከ15 በላይ ከሆነ ሬጉሌተሩ ተበላሽቶ ባትሪውን እያፈላው ነው፣ በመሆኑም የተነፋ ባትሪ፣ የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታና ቶሎ ቶሎ የሚቃጠል አምፖል ይከተላሉ። ይሁንና ከሁሉም የሚበልጠው ፍተሻ፣ መኪናው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተነድቶ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ የፊት መብራቱ፣ ማራገቢያውና የኋላ መስታወት ማሞቂያው በርተው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ የሚደረገው ነው። ካርቦኑ (ኤሌክትሪክ ወደሚሽከረከረው ክፍል የሚያሳልፈው) ያለቀ ወይም ዳዮዱ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) የተጎዳ ዲናሞ በቀዝቃዛው ሰዓት ጤነኛ መስሎ ሊታይ፣ ሲሞቅ ግን ሊከዳ ይችላል፤ መኪናውን ጠዋት ጠዋት ብቻ ለማሳየት የሚፈልግ ሻጭም ይህን ሳያውቅ አይቀርም። ንባቡ በዚህ ሁኔታ ከ13 በታች ከወረደ፣ ስለ ዋጋ መነጋገር ከመቀጠላችሁ በፊት ቴስተሩን ባትሪው ላይና ዲናሞው ላይ እያፈራረቃችሁ ልዩነቱን እዩ። በባትሪው ፖዘቲቭና በዲናሞው መውጫ መካከል ከግማሽ ቮልት፣ በባትሪው ኔጌቲቭና በዲናሞው አካል መካከል ደግሞ ከ0.2 ቮልት በላይ ልዩነት ካለ፣ ጥፋቱ የሽቦ ወይም የማሰሪያ እንጂ የዲናሞ አይደለም።

እዚህ ላይ በብዙ ጋራዦች የሚደረግ አንድ አደገኛ ልማድ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማሰሪያ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ባትሪው ሲነቀል ዲናሞው የሚያወጣው ቮልት በቅጽበት ወደ ላይ ሊዘል ስለሚችል፣ የዲናሞውን ዳዮድ ብቻ ሳይሆን የሞተሩን ኮምፒውተር ጭምር ሊያቃጥል ይችላል፤ ኮምፒውተር ባልነበራቸው በድሮዎቹ መኪኖች ዘመን የተለመደ ነገር ቪትዝ ላይ አይሠራም። ሻጭም ሆነ መካኒክ ይህን ሊያደርግ ሲል ካያችሁ አስቁሙት፤ መኪናው ገና የእናንተ ባይሆንም እንኳ።

ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ምልክት ያለባት ቀይ መብራት መብራት አለባት፣ ሞተሩ ሲነሳም ወዲያው መጥፋት አለባት። ጭራሽ የማትበራ ከሆነ፣ አምፖሏ ተቃጥሏል፣ ሽቦዋ ተቋርጧል፣ ወይም ሆን ተብሎ ወጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ቦታ ከዘይት መብራት ጋር አብራ እንድትጠፋ አድርገው ያስሯታል፤ ስለዚህ ብልጭ ብላ መጥፋቷን ብቻ አይታችሁ አትመኑ፣ ቴስተሩ ከእሷ ይልቅ ይታመናል።

ከመሪው ሥር ያለውን ሽፋን አስከፍታችሁ መመልከትም አይቅርባችሁ። አብዛኛው አሮጌ መኪና አላርም፣ ቴፕና ተጨማሪ መብራት የተገጠመለት በየሰፈሩ ስለሆነ፣ የቁልፉ ሽቦዎች ተልጠው በላያቸው ሌላ ሽቦ ተጠምጥሞባቸው ታገኛላችሁ። ዘመዴ መኪና ውስጥ የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ፓኮ የብር ወረቀት ተጠቅልሎ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር፤ የብር ወረቀት ፊውዝ አይደለም፣ እሳት እስኪነሳ ድረስ ዝም ብሎ የሚያሳልፍ ድልድይ ነው። የፊውዙ ቀለም የሚፈቀደውን አምፔር ይናገራል፤ ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30 ሲሆን፣ በሳጥኑ ክዳን ላይ ከተጻፈው የሚበልጥ ፊውዝ ካገኛችሁ አንድ ሰው ጥፋቱን ከመፈለግ ይልቅ ሊሸፍነው እንደሞከረ ቁጠሩት። የፊት መብራት አምፖሎቹ 100 ዋት ተደርገው ያለ ሪሌ (ከባዱን ኤሌክትሪክ በማብሪያው ፋንታ የሚያሳልፍ ማገናኛ) ዳይሬክት ከተገጠሙ፣ ሁለቱ ብቻ ከ16 አምፔር በላይ ስለሚስቡ ለዚያ ያልተሠራውን ማብሪያና ሽቦ ያግላሉ።

መኪናው አድሮ የማይነሳ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ አላርሙና ወደ ቴፑ ይዞራል። ሁሉም ነገር ጠፍቶ፣ በሮቹ ተዘግተው ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ የባትሪው ኔጌቲቭ ተፈትቶ ቴስተሩ አምፔር እንዲለካ ተደርጎ በባትሪውና በተፈታው ሽቦ መሃል ሲገባ ከ0.05 አምፔር በላይ መሳብ የለበትም። (በዚህ ጊዜ መኪናውን ለማስነሳት አትሞክሩ፤ ቴስተሩ ይቃጠላል።) ግማሽ አምፔር የሚስብ መኪና በ24 ሰዓት 12 አምፔር ሰዓት ስለሚወስድ፣ ከሦስትና ከአራት ቀን በላይ ቆሞ አይነሳም። ሲለካ የበዛ ከሆነ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ንባቡ የሚወርድበትን መስመር መፈለግ ነው፤ ይህ ትዕግሥት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለዚህም ነው ሳይለካ ዕቃ የሚያስገዛ ጋራዥ ሲያጋጥማችሁ የወጣው ዕቃ እንዲመለስላችሁና ከመቀየሩ በፊትና በኋላ ያለው ንባብ በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ።

ሻጮች በዚህ ደረጃ የተደፋፈሩት ገበያው ለእነሱ ስላደላ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እያረጀም ዋጋው አልቀነሰም። «አንተ ካልፈለግክ ሌላ ገዢ ቆሟል» የሚለው የደላላ ቃልም ከዚሁ የመጣ ነው። ገዢውም ተጣድፎ «መኪናውን አይቼና ፈትሼ በሙሉ ፈቃደኝነት ገዝቻለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያለበትን ውል ይፈርማል፤ ዛሬ የዘመዴ ሻጭ መከላከያ አድርጎ የያዘው ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ነው። ዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ መለጠፉም ስለ ዲናሞውና ስለ ሽቦው የሚሰጠው ዋስትና የለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ነገር ግን ገዢው ዕቃውን ሳይዘገይ መመርመርና ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ችግሩ በታየ ጊዜ በስልክ ብቻ ከመነጋገር ይልቅ፣ ቀኑንና የተለካውን ቮልት የያዘ ጽሑፍ ለሻጩ አድርሳችሁ ቅጂውን አስቀሩ። ከሁሉ በፊት ግን ሰነዶች ማረጋገጫ ከመሄዳችሁ አስቀድሞ፣ ሻጩ በቃል የተናገረውን በውሉ ውስጥ አስጽፉ፤ ለምሳሌ «የመኪናው ኤሌክትሪክ መስመርና ዲናሞ በሚገባ እንደሚሠሩ፣ ሞተሩ ሞቆ መብራቶቹ በርተው ባትሪው ላይ ከ13.5 ቮልት ያላነሰ እንደተነበበ ሻጭ ያረጋግጣል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነው። ኤሌክትሪኩን በእውነት ያሳደሰ ሰው ይህን ለመፈረም አይከብደውም።