አየር ማርጠቢያ ለኦርኪድ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ለኦርኪዶቼ የገዛሁት አየር ማርጠቢያ አራት ሊትር ውኃ የሚይዝ፣ በአልትራሳውንድ (ጆሮ በማይሰማው ፈጣን ንዝረት) የሚሠራ፣ ከአናቱ ቀዝቃዛ ጉም የሚተፋ ዓይነት ነው። ማሞቂያ ቤቱን የሚያደርቅባቸውን ወራት ከዳር እስከ ዳር ሠርቷል፤ ሞቃቱም ወቅት አልፎበታል። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። መሣሪያው የተባለለትን ይሠራል። ነገር ግን ሣጥኑ ላይ ያልተጻፉ ሁለት ነገሮች፣ ማዕድን የሌለው ውኃ እና የሚንቀሳቀስ አየር፣ ካልተጨመሩለት ለኦርኪድ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። መስኮቱ ሥር ፋሌኖፕሲስ ከሚባለው የኦርኪድ ዓይነት አንድ ሁለት ብቻ ላለው ሰው ደግሞ ጨርሶ አልመክረውም።

ፋሌኖፕሲስ ከ50 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ቢያገኝ ይመርጣል፤ 40 በመቶ አካባቢም ግን ሳያጉረመርም ይኖራል። ወፍራም ቅጠሉ ውኃ ያከማቻል፤ የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች በአብዛኛው የሚከፍተውም ሌሊት ነው፤ ሙቀት በሚበረታበት በቀኑ ክፍል ዘግቶ ይቆያል። ካትሊያ የሚባለው ኦርኪድም እንዲሁ ነው። ለእነዚህ በወቅቱ ውኃ ማጠጣት ከማንኛውም ማሽን ይበልጣል።

እኔን ወደ መሣሪያው የገፉኝ ሚልቶኒዮፕሲስ እና ኦንሲዲየም የሚባሉት ኦርኪዶች ናቸው። ቅጠላቸው ቀጭን ነው። አየሩ ሲደርቅ ወይም ሥሮቻቸው ውኃ ሲያጡ አዲሱ ቅጠል እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ ይወጣል፤ አንዴ የተጣጠፈ ቅጠል ደግሞ ኋላ እርጥበት ቢጎርፍለትም አይዘረጋም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ነው። ሥሩን አየር ላይ አንጠልጥሎ የሚያድገው ቫንዳ ጭራሽ 70 በመቶና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ለእሱ ሲባል ሙሉ ክፍል በዚህ መጠን ማርጠብ ግድግዳን ለሻጋታ መስጠት ስለሆነ፣ ቫንዳ የሚያምረው ሰው የመስታወት ካቢኔ ቢያዘጋጅለት ይሻላል።

ከመሣሪያው በፊት የሚመከሩት መፍትሔዎች ሁለት ናቸው፤ ውኃ መርጫ ጠርሙስ እና ውኃ የፈሰሰበት የጠጠር ትሪ። ሁለቱም ከእጅ አይሻል ዶማ ናቸው። የተረጨው ውኃ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፤ ሳይደርቅ ቢቀር ደግሞ የባሰ ነው፤ በፋሌኖፕሲስ ቅጠሎች መገናኛ እምብርት ውስጥ ተኝቶ ያደረ ውኃ ተክሉን ከመሐሉ ያበሰብሰዋል። የጠጠሩ ትሪ ከላዩ ባለች ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውስጥ መጠነኛ ለውጥ ያመጣል፤ የቀረውን የክፍሉ አየር ይበትነዋል። ምክሩ ግን እስከ ዛሬ ከአንዱ የአትክልት መጽሐፍ ወደ ሌላው ይገለበጣል።

ከማሞቂያ ጋር የሚደረገው ትግል ለምን ከባድ እንደሆነ የሚያሳይ ቀላል ስሌት አለ። ውጭ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ አየሩ እርጥበት የጠገበ ቢሆን እንኳ፣ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የሚኖረው ውኃ ከ9 ግራም ብዙም አይበልጥም። ይኸው አየር ቤት ገብቶ 20 ዲግሪ ሲደርስ የመያዝ አቅሙ ወደ 17 ግራም ያድጋል። አንዲት ጠብታ ሳትቀነስ አንጻራዊ እርጥበቱ (አየሩ ሊይዝ ከሚችለው ውኃ የያዘው ድርሻ) ከመቶ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ ማለት ነው። የውጭው አየር ዜሮ ዲግሪ ከሆነ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚቀረው ሩብ ያህል ብቻ ነው። መስኮት በተከፈተ ቁጥር ማርጠቢያው ሥራውን ከሞላ ጎደል እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ የምትገዙት መሣሪያ ለምን ያህል ስፋት እንደተሠራ ስታዩ የክፍሉን ካሬ ሜትር ብቻ ሳይሆን የበሩንና የመስኮቱን ክፍተት ጭምር አስቡ።

አሁን ወደ ማሽኑ ሆድ እንግባ። ታች ያለችው ትንሽ ክብ ዲስክ በሰከንድ 1.7 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ እየተንቀጠቀጠች ውኃውን በዓይን ለይተው የማያዩዋቸው ጠብታዎች አድርጋ ትበታትነዋለች። ልብ ሊባል የሚገባው የሚወጣው ጉም ተን አለመሆኑ ነው። ገና ፈሳሽ ውኃ ነው፤ እርጥበት የሚሆነው አየር ላይ ሲተን ነው፤ ሲተንም ሙቀትን ከአካባቢው ይወስዳል። አፉን ወደ ተክሎቹ ያዞረ ሰው እርጥበት ሳይሆን ቀዝቃዛ ዝናብ ነው የሚሰጣቸው። የእኔ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ ከተክሎቹ አንድ ሜትር ያህል ርቆ ተቀምጧል፤ ጉሙ ቅጠል ላይ ሳይደርስ አየር ውስጥ ይጠፋል።

ከጉሙ ጋር አብሮ የሚወጣ ሌላም ነገር አለ። ዲስኳ ውኃውን ከነያዘው ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው የምትወረውረው። ጠብታዋ ትተናለች፣ ማዕድኑ ነጭ ዱቄት ሆኖ ቅጠል ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ መነጽር ላይ ያርፋል። ልዩነቱን ለማየት ሆን ብዬ የቧንቧ ውኃ ሞልቼው ነበር፤ ጥቁር ወለል ያለው ዕቃ ሁሉ ብዙም ሳይቆይ መሰከረ። አብሮት የመጣው የማዕድን ማጣሪያ ለጥቂት ጊዜ ያግዛል፤ ማዕድን የበዛበት ውኃ ባለበት ቤት ግን ቶሎ ይሞላና ጌጥ ሆኖ ይቀራል። በጨው አማካይነት ውኃ የሚያለሰልስ መሣሪያ መፍትሔ እንዳይመስላችሁ፤ ካልሲየሙን በሶዲየም ይተካል እንጂ ውኃውን ባዶ አያደርገውም፤ ዱቄቱም አይቀርም። የሚያዋጣው የዝናብ ውኃ፣ ዲስቲልድ (ተንኖ እንደገና የተጠራቀመ) ውኃ ወይም በሪቨርስ ኦስሞሲስ (በስስ ማጣሪያ ውስጥ በግፊት በማሳለፍ) የተጣራ ውኃ ነው። ደረቅ በሆነ ቀን ማሽኑ ታንኩን ሙሉ ስለሚጠጣ፣ ይህን ያህል ንጹሕ ውኃ ከየት እንደሚመጣ ከግዢው በፊት ማሰብ ግድ ነው።

የመሣሪያው ትልቁ ድክመት አብሮ የተሠራለት የእርጥበት መለኪያ ነው። የሚለካው ከራሱ ጉም አጠገብ ያለውን አየር ስለሆነ፣ ተክሎቹ ያሉበት ማዕዘን ገና ደረቅ ሳለ ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ያርፋል። የተለየ ሃይግሮሜትር (የእርጥበት መለኪያ) በቅጠሎቹ ከፍታ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ርካሹ ሃይግሮሜትርም ሊዋሽ ስለሚችል መፈተኛው ቀላል ነው፦ የምግብ ጨው በጥቂት ውኃ ለንቁጦ ከመለኪያው ጋር በማይተነፍስ ዕቃ ውስጥ ዘግቶ ማሳደር። በዚያ ዕቃ ውስጥ ያለው አየር 75 በመቶ ላይ ይረጋል። መለኪያው ሌላ ቁጥር ካነበበ ልዩነቱን ጀርባው ላይ ጽፎ መለጠፍ ነው፤ የእኔም ጀርባው ላይ ወረቀት አለ።

ማሽኑ በ55 በመቶ ላይ ተስተካክሎ ቀን ብቻ ይሠራል። ሌሊት ክፍሉ ሲቀዘቅዝ አንጻራዊ እርጥበቱ በራሱ ይወጣል፤ በዚያ ላይ ጉም ከተጨመረ የመስኮቱ መስታወት ያልበዋል፣ አበባውም ይታመማል። የረጋ እርጥብ አየር የሚወደው ቦትሪቲስ የሚባል ፈንገስ የፋሌኖፕሲስን ነጭ አበባ በጥቃቅን ቡናማ ነጠብጣቦች ያበላሸዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ትንሽ ማራገቢያ ነው፤ ወደ ተክሎቹ ሳይሆን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ሌሊትም ቀንም። ገንዘብ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ቢሆን እኔ ማራገቢያውን አስቀድም ነበር።

በተክሎቹ ላይ የታየው ለውጥ እኩል አይደለም። የሚልቶኒዮፕሲስ አዳዲስ ቅጠሎች ቀጥ ብለው ወጥተዋል፤ ውኃ አጠጣጤም የተስተካከለ ስለነበር ምስጋናውን ሁሉ ለማሽኑ አልሰጥም። አየር ላይ የተንጠለጠሉት ሥሮች አረንጓዴ ጫፋቸውን ይዘው ማደግ ቀጥለዋል፤ በደረቅ አየር ይህ ጫፍ ቶሎ ይዘጋል። ፋሌኖፕሲሶቹ ላይ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የረባ ልዩነት አላየሁም። ብዙ ሰው የማያስበው ለውጥ ማሰሮው ውስጥ ነው። አየሩ ሲረጥብ ኦርኪዱ በአፈር ፋንታ የተተከለበት የዛፍ ቅርፊት ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ በቀድሞው የውኃ ቀጠሮ የቀጠለ ሰው ሥሩን ያበሰብሳል። ሥሩን የሸፈነው ቬላሜን የሚባል ስፖንጅ መሰል ሽፋን ሲጠጣ አረንጓዴ፣ ሲጠማ ብርማ ግራጫ ስለሚሆን፣ ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ እሱን ማየት ያዋጣል።

ጽዳቱ አሰልቺ ነው፤ መዝለል ግን አይቻልም። የቆመ ውኃ ውስጥ የሚራቡትን ባክቴሪያዎች ማሽኑ ለይቶ አያስቀርም፤ ከጉሙ ጋር ወደ ሳንባችን ይልካቸዋል። የተረፈው ውኃ በየቀኑ ይደፋል፤ ታንኩ በየሳምንቱ ይታጠባል፤ ዲስኳ ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በኮምጣጤ ወይም በሲትሪክ አሲድ ይለቃል፤ ከዚያ ደጋግሞ በውኃ ማለቅለቅ። ይህን ሁሉ እያዘዘ የታንኩን አፍ እጅ እንዳያስገባ አድርጎ ያጠበበው መሐንዲስ አንድም ቀን የራሱን ማሽን አጥቦ አያውቅም መሰለኝ። ሰማያዊው መብራት አይጠፋም፣ በፕላስተር ሸፍኜዋለሁ። ታንኩ አልፎ አልፎ ጉሮሮው እንደሚንቆራቆር ድምፅ ያሰማል። የኤሌክትሪክ ፍጆታው ግን አነስተኛ ነው፤ ውኃ አፍልተው እንፋሎት ከሚያወጡት ጋር አይወዳደርም።

በቅርቡ ጉሙ ሳስቶ ነበር፤ ቅርፊቱ ሲነሣ ተመለሰ። ዲስክ ያልቃል፤ የዚህኛው መለዋወጫ ለብቻው አይሸጥም። ሲያልቅ የምተካው እርጥብ ማጣሪያ በማራገቢያ በሚያደርቀው ዓይነት ነው። ድምፁ ይበልጣል፣ ማጣሪያውም በየጊዜው ይለወጣል፤ ነገር ግን ማዕድኑን ማጣሪያው ላይ ያስቀራል፣ አየሩ እየረጠበ ሲሄድም የሚያተንነው ውኃ በራሱ ይቀንሳል።