ኪልሞንገር፦ የኮሚኩ ወይስ የፊልሙ?

ጅማ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ቡና ስንጠጣ ከጓደኞቼ ጋር ደጋግመን የምንከራከርበት ጉዳይ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በማርቭል ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሔት) ብቅ ያለው የብላክ ፓንተር ባላንጣ ኤሪክ ኪልሞንገር ይበልጣል ወይስ በ2018 «ብላክ ፓንተር» ፊልም ላይ ማይክል ቢ. ጆርዳን የተጫወተው የሚለው ነው።

የኮሚኩ ኪልሞንገር ዋካንዳ በምትባል ምናባዊ የአፍሪካ አገር ተወልዶ፣ አባቱ ጠላትን እንዲያገለግል ተገድዶ ከሞተ በኋላ ከአገሩ የተባረረ ሰው ነው። አንዱ ጓደኛዬ፣ እትብቱ የተቀበረበትን ምድር የተነጠቀ ሰው ቂም ከሁሉም ይበልጣል ብሎ ይሟገታል፤ ክርክሩ ቀላል አይደለም።

እኔ ግን የፊልሙን እመርጣለሁ። ይህኛው አሜሪካ ኦክላንድ ውስጥ ያደገ፣ አባቱን የገዛ አጎቱ፣ የዋካንዳ ንጉሥ፣ የገደለበት ልጅ ነው። ከጨዋታ ተመልሶ ደረቱ ላይ የጥቁር ነብር ጥፍር የተተከለበትን አባቱን የሚያገኝበት ትዕይንት፣ እንዲሁም አባቱ ያወራለትን የዋካንዳ ጀንበር ቆስሎ ሊሞት ሲል ብቻ የሚያይበት ፍጻሜ፣ በኮሚኩ ያላገኘሁትን ሐዘን ሰጥተውኛል። ከሁሉ በላይ፣ ጥቁር ሕዝብ በየአገሩ ሲበደል ዋካንዳ ለምን ተደበቀች የሚለው ጥያቄው እውነት ስለሆነ፣ ያሸነፈው የአጎቱ ልጅ ቲቻላ (ብላክ ፓንተር) ራሱ በመጨረሻ የአገሩን በር ለዓለም ይከፍታል።