ሱፐር ትሬዠር ሃንት በኦንላይን ሲገዙ፦ የታሸገ ወይስ የተከፈተ?

ሱፐር ትሬዠር ሃንት ሆት ዊልስ ከሚባሉት ትንንሽ የመጫወቻ መኪኖች መካከል ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ብርቅዬ ዓይነት ነው። የታሸገውም የተከፈተውም ይጭበረበራል፤ ማጭበርበሪያው ግን ይለያያል።

ዋጋ፦ የታሸገው ይወደዳል። የተከፈተው ይረክሳል፤ ከገበያው በጣም ከወረደ ግን ይጠርጥሩ።

የተከፈተው ላይ ያለው አደጋ፦ ጎማ መቀየር። የተራውን ሆት ዊልስ ሪቬት (ከሥሩ ሆዱንና ገላውን የሚያያይዘውን የብረት ማሰሪያ) በድሪል በስተው ይከፍቱና የፕላስቲክ ጎማውን እንደ ሱፐሩ ባለ የላስቲክ (ራበር) ጎማ ይተኩታል። የሆዱን ፎቶ በቅርብ ያስነሱ። የፋብሪካ ሪቬት ጭንቅላቱ ለስላሳና ሙሉ ነው፤ መሃሉ ከተቦረቦረ፣ ብሎን ከገባበት ወይም ሙጫ ከታየ ተከፍቷል ማለት ነው። ቀለሙንም ይዩ፦ ስፔክትራፍሌም የሚባለው የሱፐሩ አንጸባራቂ ቀለም ከሥሩ ብረቱን ያሳያል፣ ጥልቀት አለው። በስፕሬይ የተቀባ ግን በበር መስመሮችና በጠርዝ ላይ ይወፍራል፣ ቀጫጭን መስመሮችን ይደፍናል። የቅርብ ዓመታት ሱፐር ገላው ላይ «ቲ ኤች» (TH፣ የትሬዠር ሃንት አጭር መጠሪያ) የሚል ጽሑፍም አለው፤ እሱም ግን በስቲከር ይኮረጃል።

የታሸገው ላይ ያለው አደጋ፦ ዳግም ማሸግ። ሪቬቱን ማየት ይከብዳል፣ ስለዚህ ካርቶኑ ይመርመር። ፕላስቲኩ ከካርቶኑ የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ የተላጠ ወረቀት፣ ቢጫ ሙጫ ወይም የምላጭ መስመር ካለ ይተውት። ሻጩ ከጎን ብርሃን እያበራ እንዲያነሳው ይጠይቁ፤ ፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ ይህን ሁሉ ይደብቃል።

መኪናውን መደርደሪያ ላይ አውጥተው ለሚያስቀምጡ፣ ሻጩም የሆዱን ፎቶ ለሚልክላቸው የተከፈተው ይሻላል። መልሰው ሊሸጡት ላሰቡ የታሸገው፤ መመለሻ ከሌለው ሻጭ ግን አይግዙ።