የከዚራው የልብ ክሊኒክ፦ ሐኪሟ ጎበዝ፣ ደረጃው ጉድ

እናቴን የወሰድንበት ክሊኒክ ድሬ፣ ከዚራ ውስጥ ነው። የምወቅሰውም ስላለ ስሙን አልጠራም።

ከወቀሳው ልጀምር። የልብ ክሊኒክ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ያለ ሊፍት! እናቴ የቆየ የሳንባ ደም ግፊት አለባት፤ ክንድ ላይ የሚለካው ሳይሆን ከልብ ወደ ሳንባ በሚሄደው ደም ስር ውስጥ ያለው። ትንሽ ትወጣለች፣ ብረቱን ይዛ ትተነፍሳለች፣ ደግሞ ትወጣለች። ጥበቃው ወንበር ይዞ ሮጠልን፣ እግዜር ይስጠው። አቦ፣ ደንበኛቸው ማን መስሏቸው ነው?

ሐኪሟ ጋ ስንገባ ግን ሌላ ነው። እስከዛሬ ትንፋሽ ሲያጥራትም ደረቷን ሲይዛትም መልሱ «ያው የሳንባዋ ግፊት ነው» ነበር። ይቺኛዋ «እማማ፣ የቱ ጋ ነው የሚይዝዎት? እስቲ ያሳዩኝ» አለቻት። እናቴ ሙሉ መዳፏን ደረቷ መሃል ላይ ጫነችና ወደ ግራ ክንዷ ወሰደችው። ከዚያ ጥያቄው ሁሉ ስለ ልብ ደም ስሮች ሆነ፤ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ጫት ሳይቀር።

እንደ እሷ አባባል፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ የሳንባ ግፊቱና የልብ ደም ስር መጥበብ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፣ ምልክታቸው ስለሚመሳሰል ደግሞ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ላይም የቀኝ ልብ ጫና ሲበዛበት የሚታየው ለውጥ ልብ ራሱ ደም ሲያጥረው የሚታየውን ሊመስል ይችላል። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የሳንባውን ግፊት ይገምታል እንጂ የልብ ደም ስሮችን መጥበብ አያሳይም። ቁርጡን የሚለየው በካቴተር፣ ማለትም በደም ስር በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ የሚደረገው ምርመራ ነው፤ በአንድ ቀጠሮ የሳንባውንም ግፊት ለክተው የልቡንም ደም ስሮች ማየት ይችላሉ። ለዚህ አዲስ አበባ ላከችን።

ከሁሉ ያስገረመኝ የመድኃኒቱን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ መገልበጧ ነው። እናቴ በቀን 3 ጊዜ ሲልደናፊል ትወስዳለች። አዎ፣ ያው ቫያግራ የሚባለው ነው፤ የሳንባን ደም ስር ያሰፋል። (ፋርማሲ ሄጄ «ለእናቴ ነው» ስል የሚያዩኝን አስተያየት ተዉት።) ከሥር ሌላ ቦታ ለደረቷ የታዘዘላት፣ ምላስ ሥር የሚደረግ ናይትሮግሊሰሪን ወጣ። ሐኪሟ ብድግ አድርጋ ለብቻው አስቀመጠችው። ሁለቱ ከተገናኙ የደም ግፊት በአንዴ ሊያሽቆለቁልና ሰው ሊገድል ይችላል። ከሲልደናፊል በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ከዘመዱ ከታዳላፊል በኋላ ደግሞ 48 ሰዓት ናይትሮግሊሰሪን አይነካም፤ በየቀኑ ለሚወስድ ሰው እንግዲህ ጭራሽ አይሆንም ማለት ነው። ያዘዘላት ሰው ሌላ ምን ትወስጂያለሽ ብሎ አልጠየቃትም!

ስለ ጉዞውም አስባለች። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ኦክስጅን ሲቀንስ የሳንባ ደም ስሮች ይበልጥ ይጠባሉ፤ እናቴ ሐረር እህቷ ጋ ስትሄድ ደንገጎ ዳገት ላይ የሚከብዳት ለካ ለዚህ ነው። ኦክስጅኗን ለክታ ለመንገዱ የሚያስፈልገውን ጻፈችልን።

ዋጋው አይቀመስም። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅም ፊቷ አይፈታም። ከሰዓት ከተማው በርጫ (ጫት) ላይ ስለሆነ ወረፋው ይቀላል፣ ግን በዚያ ሙቀት ያንን ደረጃ አታስቡት፣ በጠዋት ሂዱ። መድኃኒቶቹን በሙሉ ከነካርቶናቸው ያዙ።

ከ5 4 ሰጥቻለሁ። ምድር ላይ አንድ ክፍል ከተከራዩ አምስተኛዋን እጨምራለሁ።